የቱ ነው በእጃችን ያለው?

(በዓለም የደም ግፊት ቀን፣ ግንቦት 9፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለእድር አመራሮችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት ድግግሞሾችን ከመቀነስ በቀር እንደተነገረ አቅርቤዋለሁ።)

የተከበራችሁ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ጥሪያችንን አክብራችሁ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ያክብርልኝ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ወንበራችሁ ላይ ደገፍ በሉ። እግራችሁን አታነባብሩ፣ መሬት አስነኩት። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ትረዱታላችሁ።

አሁን ደግሞ እስቲ እጅ አውጡልኝ። ከዘመድ፣ ከጎረቤት ወይም ከእድራችሁ አባላት በስትሮክ የወደቀ ሰው የምታውቁ? ... እዩት። እጁን ያላወጣ ሰው አለ? የእድር ጸሐፊዎቻችንማ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ መዝገቡ በእናንተ እጅ ነው። ድንኳን የተጣለው ለማን እንደሆነ፣ ሟቹ ስንት ዓመቱ እንደነበር ታውቃላችሁ። በ45 ዓመቱ፣ በ50 ዓመቱ፣ ገና ልጆቹን ሳያደርስ።

እኔ ነርስ ነኝ። 24 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት የግፊትና የስኳር ሕመምተኞች ለክትትል በሚመላለሱበት ክፍል ነው። እዚህ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁን በካርድ ቁጥር ጭምር አውቃችኋለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ስንት ሰው እንደተቆጣሁ ብትሰሙ ታዝናላችሁ። «ጨው ቀንሱ ብዬ አልነበረም? ኪኒኑን አታቋርጡ አላልኩም?» እላለሁ። ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። ሌላውን እጠራለሁ።

አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጡ። ግፊታቸውን ስለካው 180 በ110። «ጋሼ፣ መድኃኒቱን ለምን አቋረጡት?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ሦስት ጊዜ መጣሁ። ሦስቴም መድኃኒቱ አልቋል፣ ውጭ ግዛ ተባልኩ። ለመምጣት አንድ ቀን ሥራ እተዋለሁ። ምግብ መንገድ ላይ ነው የምበላው፣ የቀረበልኝን። አንቺ የነገርሽኝ ሁሉ ልክ ነው። ግን የቱ ነው በእጄ ያለው?»

መልስ አልነበረኝም። ከአራት ወር በኋላ በቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነው፣ ባለቤታቸው ደግፈው አመጧቸው። መናገር አይችሉም ነበር።

የቱ ነው በእጄ ያለው? ይህ ጥያቄ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ። አንድ ሰው ብቻውን የሚችለው አለ። ብቻውን የማይችለው ግን ይበዛል። የማይችለውን የሚችለው ሕግ ነው፣ በጀት ነው፣ መመሪያ ነው። ሕጉንና በጀቱን ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ናችሁ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ድስታችን ውስጥ ስለሚገባው ነው። ሁለተኛው ስለ መለካትና ስለ መድኃኒት። ሦስተኛው ስትሮክ ደጃችን ሲደርስ ስለምናደርገው። ስለ ልጆች ልብም ትንሽ ሳልናገር አልወርድም።

ከድስቱ ልጀምር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሳይከመር። ይህ በወጡም፣ በዳቦውም፣ በሚጥሚጣውም ያለው ተደምሮ ነው። በ2007 ዓ.ም አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ ነበር። የኛ ሰው በአማካይ በቀን ከ8 ግራም በላይ ይበላል። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹ ታክመው አያውቁም፤ እንዳለባቸውም አያውቁም።

ጨው ምን ያደርጋል? ውኃ ይይዛል። ደም ስራችን ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ይበዛል። ውኃ በኃይል የተለቀቀበትን የጎማ ቱቦ አስቡት፤ ይወጠራል። ለዓመታት ሲወጠር የኖረ ቱቦ አንድ ቀን የሳሳው ቦታ ላይ ይፈነዳል፣ ወይም ውስጡ ሻክሮ ይደፈናል። ይህ ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን ስትሮክ እንለዋለን። ልብ ላይ ሲሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? እንግሊዝ ከዳቦና ከታሸገ ምግብ አምራቾች ጋር ተነጋግራ ጨውን ቀስ በቀስ አስቀነሰች። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2011 መካከል የሕዝቡ የቀን ጨው ከ9.5 ግራም ወደ 8.1 ወረደ። ቀስ ብሎ ስለሆነ ምላስ ሳያውቀው ለመደ። ደቡብ አፍሪካ በሕግ ገደብ አበጀች፤ ዳቦ ጋጋሪው ከዚህ በላይ ጨው እንዳይጨምር ተባለ። ገደቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ ዋለ።

ጥሩ ነው። ግን ይህን እንዳለ ገልብጠን ብናመጣው አይበቃንም። የኛ ጨው ከፋብሪካ ምግብ ሳይሆን በብዛት ከድስታችን ነው የሚመጣው። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባል። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባል። ወጡ ሲወጣ ደግሞ ተቀምሶ «አልጨው አለ» ተብሎ ይጨመራል። ቡናውን በጨው የሚጠጣ አገር አለን። እናቶች፣ ልክ ነኝ አይደለም?

እና እኔ ለአንዷ እናት «ለባለቤትሽ ጨው የሌለው ወጥ ለብቻ ሥሪ» ስላት ምን እያልኳት ነው? ሁለት ድስት፣ ሁለት ከሰል፣ ሁለት ድካም። ሦስት ቀን ትሞክራለች። በአራተኛው ቀን አንድ ድስት ይሆናል።

ታዲያ መፍትሔ የለውም? አለው። ከዚህ በፊት ሠርተነው እናውቃለን።

አያቴ አንገቷ ላይ ትልቅ እንቅርት ነበረባት። በነጠላ ትሸፍነዋለች። በልጅነቴ ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ የማያቸው ሴቶች ግማሾቹ እንደሷ ነበሩ። የደጋ ሰው ነን፤ አፈሩ አዮዲን የለውም። ለአያቴ «አዮዲን ያለበት ምግብ ብይ» ብላት ከየት ታመጣለች? በ2003 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ አወጣ። በዚያ ዓመት አዮዲን ያለበት ጨው የነበራቸው ቤቶች ከመቶ 15 ገደማ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠና ከመቶ 89 ደረሱ። ማንም ቤት ለቤት ዞሮ «አዮዲን ግዙ» ብሎ አልለመነም። ጨውን ራሱን ቀየሩት። ሰው እንደ ወትሮው ከሱቅ ገዛ፣ እንደ ወትሮው ወጡ ላይ ነሰነሰ።

አሁን በደንብ ስሙኝ። በዓለም ላይ ሶዲየሙ፣ ማለትም ግፊት የሚያስነሳው ክፍሉ፣ የተቀነሰ ጨው አለ። ከአራት እጁ አንዱ በፖታሲየም ጨው ይተካል። ፖታሲየም ሙዝ፣ ድንችና ባቄላ ውስጥ ያለው ማዕድን ነው፤ ግፊትን ያወርዳል። ጨውነቱ ያው ነው፣ ወጡም ያው ወጥ ነው። ቻይና ውስጥ በ600 የገጠር መንደሮች ሞከሩት። ወደ 21 ሺህ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ቀድሞ ስትሮክ የመታቸው። ግማሹ መንደር የተለመደውን ጨው፣ ግማሹ አዲሱን ተጠቀመ። አምስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። አዲሱን በተጠቀሙት ዘንድ ስትሮክ በ14 ከመቶ ቀነሰ። እነዚህም ገበሬዎች ናቸው፣ እቤታቸው የሚያበስሉ፣ እንደኛ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ አዋቂዎች በዚህ ዓይነት ጨው እንዲተኩ የሚመክር መመሪያ አወጣ።

ጥንቃቄ አለው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው፣ ፖታሲየም የሚያስቀሩ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ መጠቀም የለበትም። ዋጋውም ከተራው ጨው ይወደዳል። ፖሊሲ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከአፍዴራ የሚመጣውን ጨው አዮዲን የሚጨምሩበት ፋብሪካዎች አሉን። ፖታሲየሙን የሚያስመጣ ከቀረጥ ይፈታ። መጀመሪያ በጤና ጣቢያዎች፣ በሸማቾች ሱቆች ይሞከር። ኩላሊት ሕመምተኞች እንዲጠነቀቁ ከረጢቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ለእንቅርት የቻልነውን ለስትሮክ ለምን አንችልም? እጠይቃለሁ፣ ለምን አንችልም?

ዘይትም እንዲሁ ነው። ለብዙ ዓመታት በሸማቾች በኩል በቅናሽ ሲደርሰን የኖረው ዘይት አብዛኛው ፓልም ነው፤ የሚረጋው። ግማሽ ያህሉ የደም ቅባትን የሚያበዛው የስብ ዓይነት ነው። እኔ ርካሹን ዘይት አንሱብን አልልም። ሆዱ ያልሞላ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ቅባት ዓይነት አልሰብክም። የምለው ሌላ ነው። ድጎማው ለኑግና ለሱፍ አምራቹ ገበሬ፣ ለአገር ውስጥ ጨማቂው ይድረስ። ድሀ የሚገዛው ርካሹ ዘይት የሚፈሰው ዘይት ይሁን።

ፊንላንድ ውስጥ ሰሜን ካሬሊያ የሚባል አካባቢ አለ። ወንዶቹ በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ በልብ ሕመም ይረግፉ ነበር። እንጨት ቆራጮች፣ ገበሬዎች፣ ጠንካራ ሰዎች። ምግባቸው ቅቤ ነው፤ ዳቦው በቅቤ፣ ድንቹ በቅቤ፣ ሲጋራውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፔካ ፑስካ የሚባል ወጣት ሐኪም ሥራውን እንዲመራ ተላከ። ክሊኒክ ከፍቶ አልተቀመጠም። የሴቶች ማኅበራት ዘንድ ሄደ። እነሱም በየመንደሩ ግብዣ እያዘጋጁ የድሮውን ምግብ በአዲስ አሠራር አቀመሱ። ቋሊማ ሠሪው ስቡን እንዲቀንስ ተደረገ። ወተት አምራቹ ገበሬ «እኔስ ምን ልብላ?» ሲል ወደ ቤሪ ፍራፍሬ እንዲዞር ተረዳ። በብርዱ አገር የሚበቅል የጎመንዘር ዘይት ተስፋፋ። ጎመንዘር! እኛ ጓሮ የምናውቀው። ከ35 ዓመት በኋላ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉት ወንዶች በልብ ሕመም የሚመጣው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ ነበር።

የሴቶች ማኅበራት ነው ያልኩት። እዚህ ፊት ረድፍ የተቀመጣችሁትን እያየሁ ነው የምናገረው።

ስለ ሲጋራ ብዙ አልልም። ሕጉ አለን፣ ጥሩ ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፣ ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ይከለክላል። በዓመቱ ደግሞ የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ የሲጋራ ታክስን አሻሻለ። የቀረው ማስፈጸም ነው። በሰፈራችሁ ሺሻ የሚጨስበትን ቤት እናንተ ታውቁታላችሁ።

ጭስ ሲባል ግን የሲጋራ ብቻ አይምሰላችሁ። በእንጨት የምትጋግር እናት ሲጋራ ሳትነካ ሳንባዋንም ልቧንም ጭስ ይጎዳዋል። መብራት ሲቆራረጥ ወደ እንጨቱ የምትመለሰው ወዳ አይደለም። የመብራት መቆራረጥ የልብ ጉዳይ ነው ብል አታጋነኚ አትበሉኝ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። መለካትና መድኃኒት።

«ግፊቴ ሲነሳ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ራሱን ሲያመው አንድ ኪኒን ይውጣል፣ ሲተወው ይተዋል። ግፊት አይሰማም። 180 ሆኖ ሰው ሠርግ ላይ ይጨፍራል። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

ታዲያ የት ነው የምንለካው? ታመን ሐኪም ቤት ስንሄድ። ያልታመመውስ? አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ ጥቁር ወንዶች ሐኪም ቤት አይመጡም ተብሎ ፋርማሲስቶች ወደ ፀጉር ቤት ተላኩ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ያበረታታል፣ ፋርማሲስቱ እዚያው ለክቶ መድኃኒት ያስጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ወጣ። በስድስት ወር ውስጥ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ27 ወረደ። በ27! እኔ በክትትል ክፍሌ እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም።

እኛ ምን አለን? እድር አለን። በየወሩ የምንሰበሰብበት፣ ያልመጣ የሚቀጣበት፣ ሁሉም የሚገኝበት። ከጤና ጣቢያው የመጣች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መለኪያ ይዛ በወሩ ስብሰባ ብትገኝስ? አንድ መለኪያ ከአንድ ድንኳን ኪራይ ይበልጣል? እድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው?

አሁን ስለ ኪኒኑ። የግፊት መድኃኒት ብርቅ ነገር አይደለም። አምሎዲፒን የሚባለው በቀን አንዴ ይዋጣል፣ ርካሽ ነው፣ የቆየ ነው። ችግሩ መኖሩ ላይ ነው። አንድ ወር አለ፣ አንድ ወር የለም። የጤና መድን ካርድ ያለው ሰው መዋጮውን ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ «አልቋል» ይባላል። እንግዲህ ያን ሹፌር አስቧቸው።

እና እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ሕክምናቸው የተስተካከለላቸው የኤችአይቪ ሕመምተኞች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ይወስዳሉ። በዓመት ሁለቴ ብቻ ይመጣሉ። ሰልፉ ቀነሰ፣ መመላለሱ ቀረ። ለግፊትስ? ግፊቱ የተስተካከለ ሰው ለምን በየወሩ የቀን ሥራውን ይተዋል? ቢያንስ የሦስት ወር ይሰጠው። መድኃኒቱ ከመደርደሪያው እንዳይጠፋ እንደ ኤችአይቪው ይቆጠር፣ ተጠያቂ ይኑረው። ይህንን ነው የወረዳችሁን አመራር እንድትጠይቁልኝ የምፈልገው። «ሲስተር ነገረችን» ብላችሁ ጠይቁ፣ ግድ የለም።

ሦስተኛው። ስትሮክ ሲመጣ።

አክስቴ አንድ ጠዋት ቡና ስታፈላ ሲኒው ከእጇ ወደቀ። ፊቷ በአንድ በኩል ዘመም አለ፤ ምላሷ ተሳሰረ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባች። ማታ ብሶባት አደረች። በነጋታው ጠበል ወሰዷት። ሐኪም ቤት የደረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ነርሷ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ስልክ የተደወለልኝ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። አክስቴ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች፤ ከአልጋ ሳትወርድ።

ጎረቤቶቿን አልወቅስም። የሚወዷት ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁትን አደረጉላት። ማንም አልነገራቸውም። እና አሁን እኔ ልንገራችሁ፣ እናንተም ለሌላው ንገሩ። ፊት ከዘመመ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ነው በሉ። ሰዓቱን ያዙ፤ ደህና ሆኖ የታየው መቼ እንደነበር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ካልተገኘ በተገኘው መኪና። ውኃ አታጠጡት፣ ምንም አታጉርሱት፣ ትን ይለዋል። ደም ስር በመዘጋት ለመጣ ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ጥቅም የሚሰጠው ግን ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በሲቲ ስካን መታየት አለበት፤ ደም በመፍሰስ ለመጣው ከተሰጠ ይገድላልና።

ይህ ሁሉ ያለው ስንት ሆስፒታል ውስጥ ነው? በጣም ጥቂት። ስለዚህ አምቡላንሱ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሦስት በር አንኳኩቶ አራተኛው ላይ መድረስ የለበትም። ይህም የመንግሥት ሥራ ነው፤ በየከተማው የትኛው ሆስፒታል ስትሮክ እንደሚቀበል ተወስኖ መነገር አለበት።

የሃይማኖት አባቶች እዚህ አላችሁ። በእግራችሁ ሥር ሆኜ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሕዝቡ እናንተን ይሰማል። «ጸሎቱም ይደረግ፣ ጠበሉም ይጠጣ፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ» በሉልን። ከእናንተ አንዴ የተነገረ ቃል እኔ 24 ዓመት ከተናገርኩት ይበልጣል።

የልጆችን ልብ ረስቼው አይደለም። አገራችን ውስጥ ብዙ ልጅ ልቡ የሚታመመው ከቶንሲል ተነስቶ ነው። ጉሮሮውን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል። እንጥል ወርዶ ነው ተብሎ ይቆረጣል፤ በዚያው ይረሳል። በባክቴሪያ የመጣ ከሆነ ግን ሰውነቱ ባክቴሪያውን ሲዋጋ የልቡን በሮች አብሮ ይጎዳቸዋል። በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ያድነው ነበር። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ስንት ልጅ ወረፋ እንደሚጠብቅበት ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በስልክ መልእክት ገንዘብ ልካችኋል። ለቀዶ ሕክምናው እንዳዋጣችሁት ለፔኒሲሊኑም ጩኹ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያለበት ልጅ ጤና ኬላ ይሂድ። ጤና ኬላውም መድኃኒቱ ይኑረው።

እንግዲህ ከጀመርኩ ከሃያ ደቂቃ በላይ ሆኗል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አርፋችሁ፣ እግራችሁ መሬት ነክቶ ተቀምጣችኋል። ግፊት የሚለካው እንዲህ ነው፤ ሮጦ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ ወዲያው አይደለም። በሩ አጠገብ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል። በየረድፉ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ደርሳችሁ ጥቂት ደቂቃ አረፍ በሉ። ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ፣ ሲለኩ አታውሩ። ቁጥራችሁን በወረቀት ይሰጧችኋል። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አይደንግጥ፤ ወደ እኔ ይምጣ። እዚሁ ነኝ፣ ሁሉም ሳይለካ አልሄድም። ከፊት ረድፍ እንጀምር። እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ።